ከእንፋሎቱ የሚወጣው እጅ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሴራሚክ በእንፋሎት የሚያጸዳ ማሽን ገዛ። ቶርንክሊፍ ፓርክ በሚባለው ሰፈር ያለው የአፓርትመንቱ መታጠቢያ ቤት ሁለት ሰው አያስቆምም፤ የማሽኑ ጩኸት ግን አውሮፕላን የሚነሳ ያስመስለዋል። "ማሚ፣ ሳሙና ምናምን አያስፈልገውም፤ ጀስት ስቲም ነው" አለኝ። እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ሳላስበው ወደ በሩ አፈገፈግሁ። ያቃጠለኝ መስሎት ደነገጠ።

በወጣትነቴ፣ እዚሁ ስደት አገር፣ ፓርክዴል በሚባል ሰፈር ውስጥ እትዬ አስካለ ከሚባሉ ሴት ጋር ክፍል ተከራይቼ ነበር። ክፍሉን ያገኘችልኝ የቤተ ክርስቲያን ወዳጄ ብቻቸውን እንደሚኖሩ ከመንገር በቀር ሌላ አላለችኝም። በረዶው በየመንገዱ ዳር የተቆለለበት ወር ነበር። ከሥራ ስመለስ እትዬ ምስር ወጥ ሞቅ አድርገው ያቆዩልኛል፤ እኔ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱን አጸዳለሁ። በንጽሕና የሚደርስብኝ የለም ባይ ስለነበርኩ ስምምነቱ ተመቸኝ።

በመጀመሪያው ጠዋት ሙቅ ውኃውን ዘግቼ ቀና ስል፣ ላብ ባላበው ነጭ ሴራሚክ ላይ እጅ አየሁ። ጣቶቹ ተዘርግተዋል፤ ትንሿ ወደ ውስጥ ጎበጥ ብላለች። የራሴ ይሆናል ብዬ መዳፌን አስጠጋሁ፤ አልገጠመም። ግድግዳው ሲደርቅ እጁም ጠፋ።

በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አንድ ቀን በአቼቶ፣ ሌላ ቀን በበረኪና ፈተግሁት። የመጋጠሚያውን መስመር ሳይቀር በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ። ሻጋታው ሁሉ ለቀቀ፤ እጁ ግን እንፋሎት በመጣ ቁጥር ብቅ ይላል። በመጨረሻ በፈላ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሳሸው ጠፋ፤ እፎይ አልኩ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። ጠጋ ብዬ ሳሸትተው ቅቤ ሸተተኝ፣ አደስ የገባበት የጸጉር ቅቤ። እትዬ ደግሞ ቅቤ ራሴን ያመኛል የሚሉ፣ በሻሽ ተጠቅልለው የሚውሉ ሴት ነበሩ። አይጥ እንጂ ሰይጣን አያስፈራኝም ስል የኖርኩት ጀግናዋ ሴትዮ፣ ሻወር ስገባ በሩን ሳልዘጋ መታጠብ ጀመርኩ።

ያኔ የአገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዤ መጣሁና በስመ አብ ብዬ ግድግዳው ላይ ረጨሁት። ውኃው ስስ ሆኖ ተዘርግቶ ወረደ። እጁ ጋ ሲደርስ ግን ተከፈለ፤ በግራና በቀኝ ዞሮት አለፈ። ጠበል የሸሸው ነገር ባለበት ቤት እንዴት ይታደራል? መሄጃ ደግሞ የለኝም። በዚያ ብርድ ሻንጣ ይዞ ማደሪያ መለመን ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ቢሆንም ልብሴን አጣጠፍኩ።

በማግስቱ በረዶው ስለበረታ ከሥራ በጊዜ ለቀቁን። መልቀቄን ለእትዬ ልነግራቸው ቆርጬ ስገባ የመታጠቢያ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። እትዬ ልብሳቸውን እንደለበሱ ገንዳው ውስጥ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው የቅቤ ብልቃጥ ይዘዋል፤ ሌላውን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈዋል። ሲያዩኝ አልደነገጡም።

"ምሕረት ናት" አሉኝ፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

ከዚያ ነገሩኝ፤ አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ሆስፒታል በሄደችበት ጠዋት ራሷን ስላመማት ጸጉሯን በቅቤ አሹላት። ገንዳው ውስጥ ስትነሳ አዞራትና በቅቤያም እጇ ግድግዳውን ደገፈች። ከሆስፒታል አልተመለሰችም። ከቀብሯ በኋላ እትዬ ሙቅ ውኃ ሲከፍቱ እጇ ከእንፋሎቱ ወጣ። ይህን ሁሉ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሌላው የነገረኝ መስሎት ነበር። እጁ ግድግዳው ላይ እየሳሳ ሲሄድባቸው እትዬ መዳፋቸውን ቅቤ ቀብተው እላዩ ላይ መደረብ ጀመሩ።

"እያደር እኔን እየመሰለች ነው" አሉ ፈገግ ብለው። "ጣቷን እይው እስቲ። ድሮ ቀጥ ያለ ነበር፤ አሁን እንደኔው ጎበጠ።"

ከግድግዳው ያነሱትን እጅ አየሁት። ትንሿ ጣት ጎባጣ ናት። ከመጀመሪያው ጠዋት ጀምሮ ያየሁት የእሳቸውን መዳፍ ነበር፤ የልጅቷ እጅ እኔ ከመምጣቴ በፊት ከግድግዳው ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። ልነግራቸው ብዬ ፊታቸውን አየሁ።

"ቆንጆ ናት እትዬ" አልኳቸው።

ሻንጣዬን ፈታሁ፤ እስካገባ ድረስም እዚያው ኖርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳውን ሳጸዳ ያንን ስፍራ ዞሬ አልፋለሁ። ፍርሃቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እውነቱን ካወቅሁ ወዲህ እንዲያውም ባሰብኝ። ርኩስ መንፈስ ቢሆን ጸሎት ነበረው፤ እንዲህ ላለ ናፍቆት ግን ጠበል የለም።

ዛሬ በዕድሜ እሳቸውን አክያለሁ። እጁ የራሳቸው መሆኑን እትዬ ያውቁ ነበር ወይስ አያውቁም ብዬ ራሴን መጠየቅ ከተውኩ ቆየሁ። እናቴ ከሞተች ብዙ ዓመቷ ነው። አንዳንድ ጠዋት ድምፅዋን ለማስታወስ እሞክራለሁ። የምትናገረው የራሷን ቃል ነው፤ የምሰማው ድምፅ ግን የኔ ነው። እንዲያም ሆኖ አላቋርጣትም።