የክፍሉ እጅና የዴልቪን ብስክሌቶች

የእሽቅድምድም ብስክሌት ፋብሪካ ሲባል ትልቅ ሕንፃ እንዳይመስላችሁ። የዴልቪን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ቤት ጋራዥ ነው የተጀመረው። ሚስተር ዴልቪን የብረት ቱቦውን ለክቶ ይቆርጣል፤ ፒያሳ ብስክሌት ሲጠግን ያደገው ክፍሉ ይበይዳል። ክፍሉ ወሬ አይሆንለትም፣ ቀልድም ሲነግሩት የሚስቀው በማግስቱ ነው። ብየዳ ላይ ግን እጁ ይባረክ። ሁለቱ የሠሩትን ብስክሌት በአንድ እጅ ታነሡታላችሁ። እሽቅድምድም የሚወዱ ሁሉ ይፈልጉት ጀመር፤ ፋብሪካውም ሰፋ ወዳለ ቤት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ተዛወረ፤ ቀለም ቀቢም ተቀጠረ።

በ1984 ጸደይ ላይ በአቅራቢያው ላለችው ለሎረል ከተማ ተወዳዳሪዎች የተሸጡት አዳዲስ ብስክሌቶች ተመለሱ። መጋጠሚያቸው አካባቢ ቀለሙ አባብጦ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ መስሏል። ቢፍቁት ከሥሩ ዝገት ነው። ዝገቱ ከውስጥ የመጣ ከሆነ ብየዳው ክፉ ነው ማለት ነው፤ ቁልቁለት ላይ የሚበር ልጅ ብረቱ ከከዳው አለቀለት።

ክፍሉ እህል አልወርድ አለው።

«ቦሱ ነገ ፍሬሞቹን ቆርጦ ቼክ ሊያደርግ ነው» አላት ለሚስቱ ለጸዳለ። «ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ፋብሪካውን እዘጋለሁ ብሏል። እሱስ ይዝጋው፤ እኔ ግን የሰው ልጅ ልገድል ነበር።»

በማግስቱ አንዱን ፍሬም ቆረጡት። ውስጡ ንጹሕ ነው፤ ብየዳው እንከን የለውም። ዝገቱ ከላይ ብቻ፣ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ተበትኗል። ክፍሉ ነጠብጣቡን አይቶ አይቶ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከአዲስ አበባ ሊጠይቋቸው የመጡትን አማቱን፣ እማማ እንግዳወርቅን፣ አንድ ቅዳሜ ሥራ ቦታውን አሳይቷቸው ነበር። ያን ቀን እነዚሁ ፍሬሞች ቀለም ሳይነካቸው ተደርድረው ነበር። ሰኞ ተቀቡ።

ቤት እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቃቸው።

«እማማ፣ ያን ዕለት ብረቶቹ ላይ ጠበል ረጭተዋል?»

«ረጭቻለሁ። በዚያ ቀጭን ብረት ላይ የሰው ልጅ ተቀምጦ ይበራል ስትለኝ ዝም ልበል?»

ክፍሉ ጎንበስ ብሎ የአማቱን ጉልበት ሳመ፤ እንባውም መጣ። ለካ እጁ አልበደለም።

«ሠራ አይደል?» አሉት።

«ሠራ፣ እማማ» አለና እራት ጠየቀ።

ሚስተር ዴልቪን ነገሩን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። ብስክሌቶቹን አስፍቆ እንደገና አስቀባና አንድ ደንብ አወጣ፦ እማማ መርጨት ይችላሉ፣ ቀለሙ ከደረቀ በኋላ።

ሚስተር ዴልቪን በ1988 አርጅቶ ፋብሪካውን እስኪሸጥ ድረስ አንድም የዴልቪን ፍሬም ተሰብሮ አልተመለሰም። እማማ ምክንያቱን ያውቃሉ፤ ክፍሉም ተከራክሯቸው አያውቅም።