ትንፋሽ የሚያስይዘው አሰልጣኝ

መርዕድ አሰልጣኝ የሆነው ፊሽካ ስለነበረው ነው። ፊሽካውን ያገኘው ደግሞ ከኮበር ገበያ በገዛው የቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። በሳዑዲዋ ደማም አንድ ሆስፒታል የሚሠሩ ሐበሾች የእግር ኳስ ቡድን ሲያቋቁሙ “ፊሽካ ያለው ማነው?” ተባለ፤ ራጅ አንሺው መርዕድ ኪሱን ዳሰሰ። ከዚያ ቀን እስከ የካቲት 1990 ዓ.ም. ቡድኑ ስምንት ጊዜ ተጫውቶ ስምንት ጊዜ ተሸነፈ። አንድም ጎል አላገባም።

የሠራተኞች ጉዳይ ኃላፊው፣ ሁሉም ኡስታዝ የሚሉት ግብፃዊ፣ መርዕድን ቢሮው አስጠራው።

“ሐበሻ ይሮጣል ብለውኝ ነበር” አለው።

“ይሮጣሉ።”

“ወዴት?”

ኡስታዝ ደንቡን አነበበለት፤ አንድ ጎል እንኳ ሳያገባ ዓመቱን የጨረሰ ቡድን ይሰረዛል፣ ሜዳውም ለሌላ ይሰጣል። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው። ኸላስ፣ አለቀ።

ሜዳው አል ሙሐመዲያ ሰፈር ውስጥ ያለ አቧራ ነው። ግን ማኅተም ያረፈበት ወረቀት አላቸው። ሃያ ሐበሻ አንድ ላይ ቆሞ በአማርኛ ሲጮህ “ምንድን ነው ይሄ ስብሰባ?” የሚል የማይመጣበት ቦታ፣ ዓርብ ከአስር ሰላት በኋላ፣ ያ ሜዳ ብቻ ነበር። ከአገር ቤት የመጣ ሰው ደብዳቤ የሚያድለው እዚያ ነው። መርዶ የሚነገረውም እዚያ ነው። መርዕድ የእናቱን ሞት የተረዳው በማዕዘን መምቻው አጠገብ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቡድኑ ሦስት ለባዶ እየተመራ ነበር።

ስለዚህ የተሻለ አሰልጣኝ ለመሆን ቆረጠ። የእንግሊዝኛ የአሰልጣኞች መጽሐፍ ተውሶ አነበበ። ሰሌዳ ስላልነበረው የተበላሹ የራጅ ፊልሞች ላይ በነጭ ቀለም ቀስቶች እየሣለ ሜዳ ይዞ መጣ።

“አጥቂው ከሦስተኛው የጎን አጥንት ተነስቶ ወደ ልብ ይሮጣል” አላቸው።

“የማን ደረት ነው?” አለ ዩኑስ፣ በሽተኛ በጋሪ የሚያመላልሰው ፈጣኑ ልጅ።

“የማንም ይሁን።”

“ሳንባው ግን ደህና አይመስልም።”

የዕረፍቱ ጊዜ በሙሉ በሳንባው ላይ ሲወያዩ አለቀ።

ዋናው ችግር ግን ቀስት የሚፈታው አልነበረም። ችግሩ ጋሽ አብዱሽኩር ነበሩ። የሆስፒታሉ ሾፌር፣ የወሎ ሰው፣ ሃምሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከቡድኑ ግማሹን ሥራ ያስቀጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከአሠሪ ካፊሉ የተጣላውን ያስታረቁትም እሳቸው። በዚህ ሁሉ የተነሳ የመሃል አጥቂ ነበሩ። ኳስ የያዘ ሁሉ ጎሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ቆም ይልና በአይኑ ይፈልጋቸዋል። ታላቅ እያለ ቀድሞ ወደ ጎል መምታት ነውር ነው። “ጋሼ፣ እርስዎ ይምቱ” ይባላል፤ ኳሱ ይሰጣቸዋል፤ ጋሼ ኳሱን አስተካክለው፣ ቁምጣቸውን ወደ ላይ ስበው ቀና ሲሉ ተከላካይ ሁሉ ደርሶ ይጠብቃቸዋል።

“ጋሽ አብዱሽኩር፣ ዛሬ ትንሽ ቢያርፉስ?” አላቸው መርዕድ አንድ ቀን።

“ደከመህ እንዴ ልጄ? አንተ እረፍ እንጂ።”

በማግስቱ አሳየች የምትባለው ነርስ በኮሪደሩ አገኘችው።

“የትናንቱ የወዳጅነት ጨዋታ ስንት ሆነ?”

“አምስት።”

“ለስንት?”

“አሳየች፣ ሥራ የለሽም?”

“ብዙ ታወራለህ” አለችው። “እስቲ እዚያ ራጅ ክፍልህ ውስጥ ስንት ቃል ነው የምትናገረው?”

መርዕድ አሰበ። ኢቃማ የሚባለውን የመኖሪያ ፈቃድ የሚያወጣና የሚያሳድስ የሆስፒታሉና በሥሩ ያለው መጋዘን ሠራተኛ ሁሉ፣ ዘበኛው፣ ወጥ ቤቱ፣ ራሱ ኡስታዝም ቢሆን፣ ደረቱን ከመርዕድ መሣሪያ ላይ ለጥፎ ቆሟል። ሰባት ዓመት ሙሉ ለእነዚህ ሰዎች የነገራቸው ሦስት ነገር ነው። ኹድ ነፈስ፦ አየር ሳብ። ላ ቲትነፈስ፦ አትተንፍስ። ላ ቲትሐረክ፦ አትንቀሳቀስ። ፊልሙ ከተነሳ በኋላ መፍቻው ተነፈስ ነው፦ ተንፍስ።

“ሦስት ትእዛዝ” አላት።

“እምቢ ያለህ አለ?”

“ጋሽ አብዱሽኩር ብቻ።”

እውነት ነበር። አትተንፍሱ ሲባሉ ሁልጊዜ ዞር ብለው “ለምን?” ይላሉ። በየዓመቱ ሦስት ፊልም ያበላሻሉ።

መርዕድ ምክሩን ወሰደ። በሚቀጥለው ልምምድ ቀስቶቹን ትቶ “አቀብል፣ ሩጥ፣ ምታ” ብቻ ብሎ ዝም አለ። ተጫዋቾቹ ደነገጡ። በዚያው ሳምንት ሦስት ሽማግሎች፣ ጋሽ አብዱሽኩር ከፊት ሆነው፣ መኝታ ክፍሉ ድረስ መጡ።

“ምን አስቀየምንህ?” አሉት።

“ምንም። አሠለጣጠኔን ላሻሽል ብዬ ነው።”

“የቀድሞው ይሻለናል። የተናደደ ሰው ነው ዝም የሚለው። በል ይቅር በለን።”

ጉልበት ሊስሙ ሲያጎነብሱ ይቅር አላቸው። ሌላ መውጫ አልነበረውም።

የመጨረሻው ጨዋታ ከመጋዘን ሠራተኞች ጋር ነበር፤ ሱዳኖች፣ ፓኪስታኖችና የመኖች። ዳኛው ኡስታዝ ራሱ ነው። ሰማንያ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ውጤቱ አራት ለባዶ ነበር፤ ደብዳቤ ሊቀበሉ የመጡት ሰዎችም ከመስመሩ ውጭ ቆመዋል።

በድንገት ዩኑስ ሁለት ሰው አልፎ ከባዶ ጎል ፊት ብቻውን ቀረ። በረኛው ወድቋል። ዩኑስ ቆመ። አንገቱን አዞረ።

“ምታው” አለ መርዕድ። “በናትህ ምታው።”

“ጋሼ፣ እርስዎ ይምቱ” አለ ዩኑስ፣ ኳሱንም ሰጣቸው።

ጋሽ አብዱሽኩር ኳሱን በእግራቸው አቆሙ። ቁምጣቸውን ወደ ላይ ሳቡ። አራት ተከላካዮች እየበረሩ መጡባቸው። መርዕድ የሚጮኸው ነገር ፈለገ፤ መጽሐፉ ከአእምሮው ጠፍቷል። አፉ ላይ የነበረው የሰባት ዓመት እንጀራው ብቻ ነው።

“ኹድ ነፈስ” ብሎ ጮኸ። “ላ ቲትነፈስ። ላ ቲትሐረክ።”

ተከላካዮቹ አየር ስበው ቀጥ አሉ። በረኛው በተንበረከከበት ደረቱን ወደ ፊት ገፍቶ ቀረ። ዩኑስ ትከሻውን ወደ ፊት አጠፈ፤ መሣሪያው ላይ እንደሚደረገው። ኡስታዝ ፊሽካውን በአፉ እንደያዘ ጉንጩ ተነፍቶ ቆመ። በሜዳው ላይ የሚንቀሳቀስ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

“ለምን?” አሉ ጋሽ አብዱሽኩር።

የሚመልስላቸው ስላጡ ኳሱን እየገፉ፣ በተከላካዮቹ መሃል “አሳልፉኝ” እያሉ ሄደው ጎሉ ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ከመረቡ አንስተው በእጃቸው ይዘውት ተመለሱ።

መርዕድ ሥራው ያልተጨረሰ መሆኑ ትዝ አለው። “ተነፈስ” አለ። ሃያ አንድ ተጫዋችና አንድ ዳኛ በአንድ ጊዜ ተነፈሱ።

የመጋዘኑ አምበል ወደ ኡስታዝ ሮጠ።

“አትንቀሳቀሱ ብሎናል።”

“ፊሽካ ተነፍቷል?”

“አልተነፋም።”

“ታዲያ ማን ቁሙ አላችሁ?”

አምበሉ ሊመልስ ፈልጎ ኡስታዝን አየው። ኡስታዝ አሁንም ትከሻውን ወደ ፊት እንዳጠፈ ነበር። ይህን በሪፖርት ላይ እንዴት እንደሚጽፈው ሁለቱም አላወቁም። ኡስታዝ ብዕሩን አውጥቶ ጻፈ፤ አራት ለአንድ። ከአገር ቤት ደብዳቤ ያመጣው ሰው ከመስመሩ ውጭ እንደቆመ ፖስታዎቹን ከላስቲኩ አውጥቶ ስም መጥራት ጀመረ።

ጋሽ አብዱሽኩር ኳሱን ለመርዕድ አቀበሉት።

“አየህ፣ ልጄ” አሉ፣ “ሰው ሲያወራ ነው አሰልጣኝ የሚሆነው። ግን ምን ነበር ያልከው?”