የተጠባባቂው በረኛ ምኞት

አሰልጣኙ «አንተ እኮ የቡድናችን ተስፋ ነህ» ሲለው ገና ጎረምሳ ነበር። አሁን ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ልጆች ወልዷል፤ ዛሬም ግን ተስፋ ነው። የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቡድን ተጠባባቂ በረኛ እንደመሆኑ፣ ተስፋነቱን የሚወጣው ሙሉ ትጥቅ ለብሶ ወንበር ላይ በመቀመጥ ነው። በአሰልጣኙ ቋንቋ ተስፋ ማለት «አርፈህ ተቀመጥ» ማለት መሆኑን ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶበታል፤ ምን ይደረግ፣ የዋህ ሰው ነው።

የዋህነቱም ግን ልክ አለው። ዋናው በረኛ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ነው። በየጨዋታው ዋዜማ ሚስቱ «ወንድሜን ክፉ አይንካብኝ» ብላ ትጸልያለች፤ እሱ አጠገቧ ጋደም ብሎ ለዚያው ሰውዬ ቀለል ያለች ወለምታ ይለምናል። የአንድ አልጋ ሁለት ልመና ሰማይ ቤት ሲደርስ ምን እንደሚባል እንጃ፤ ብቻ ሲሰማ የኖረው የእሷ ነው። አማቹን ጉንፋን እንኳ አይደፍረውም።

ዘንድሮ አሰልጣኙ ለከርሞ ሌላ በረኛ እንደሚያመጣ ተናገረ። በቃ፣ የኛ ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይሰለፍ ሊሸኝ ነው። ልጆቹ «አባዬ፣ ቡድኑ ውስጥ ሥራህ ምንድን ነው?» ብለው ከጠየቁት ወዲህ አንጀቱ እያረረ ነው። አንዲት ጨዋታ፣ አንዲት ብቻ ነበር የፈለገው።

አገኛት። አማቹ ዘሎ ሲያርፍ ቁርጭምጭሚቱ ታጠፈና በቃሬዛ ወጣ። የኛ ሰው ፊቱን በሐዘን አጨፍግጎ፣ ጓንቱን ግን አስቀድሞ አጥልቆ ገባ።

ገብቶ ቢቆም ጎሉ ሰፋበት። የተጋጣሚ አጥቂ ጭን ግንድ ያህላል። ዕድሜውን ሙሉ ኳስ ሲመኝ የኖረ ሰው «እባክሽ አትምጪ» እያለ ይለማመጣት ጀመር። ደግነቱ ተጋጣሚዎቹም ኳሷን ወደ ሰማይ ከመላክ በቀር የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ባዶ ለባዶ አለቀ። አሰልጣኙ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ጀግና! ከእንግዲህ ጎሉ ያንተ ነው» አለው። እሱ ዓይኑን ወደዚያች የተጠባባቂ ወንበሩ ላከ።

በማግስቱ ማንም ሳይቀድመው ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ደረሰ። ሐኪሙን ወጥሮ ያዘው። «ለቅዳሜ ይደርሳል አይደል? ትንሽ ቢያነክስም ግድ የለም።»

«ዘንድሮ አይጫወትም» አለ ሐኪሙ።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው። ይህን ጊዜ ሚስቱና አማቱ ደረሱ። ሚስቱ ወንድሟን ይህን ያህል መውደዱን ሳታውቅ በመኖሯ አፈረች። አማቱ አቅፋ ታባብለው ጀመር። «አይዞህ ልጄ፣ ተስፋ አትቁረጥ።»