ማኅደር የለበሰው መዝገበ ቃላት

ባለፈው ሳምንት ቤቱ ሲቀባ መጻሕፍቴ በረንዳ ላይ ወጡ። ቀቢው አንዱን የቆዳ ማኅደር በሁለት እጁ በአክብሮት ይዞ፣ «አባባ፣ ዳዊትዎን የት ላስቀምጠው?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ውስጡ ያለው የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነው።

ነገሩ የልጅነቴ ነው፤ ጣልያን ከወጣ ዐሥር ዓመት አልፎት ነበር። አባቴ ጎንደር ውስጥ ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ነበሩ። ሁለተኛ ደረጃ እንድገባ የፈቀዱልኝ በስንት ልመና፣ ያውም «ከወደቅህ ወደ ቅኔ ቤት ትመለሳለህ» ብለው ነው። እኔ ደግሞ ልቤ በእንግሊዝኛ ጠፍቶ ነበር። ሕንዳዊው መምህራችን ሰሌዳው ላይ አንድ ረጅም ቃል ሲጽፉ ተአምር የማይ ይመስለኝ ነበር።

ያጠናሁት ግን ዳዊት በደገምኩበት መንገድ ነው፤ መዝገበ ቃላቱን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ እየተወዛወዝኩ፣ በቃሌ። ግንቦት ላይ መምህሩ አስነስተው የአንድ ቃል ትርጉም ጠየቁኝ። መለስኩ፤ አፌ ግን አልቆም ብሎ ቀጥሎ ያለውን፣ ከዚያም የሚቀጥለውን አወረደው። ክፍሉ በሳቅ አለቀ። መምህሩ አልሳቁም። ከእነዚህ ቃላት በአንዱ የራሴን ዐረፍተ ነገር እንድሠራ ጠየቁኝ፤ መሥራት አቃተኝ። በሰኔው ፈተናም እንዲህ ከሆንኩ እንደማላልፍ ነገሩኝ።

ለአባቴ እያፈርኩ ነገርኳቸው። ወደ ቅኔ ቤት ልመለስላቸው ነውና ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተቆጡ።

«ምነው ልጄ፣ ግሱን፣ የግእዙን ቃል ሁሉ ያጠና ተማሪ የራሱን ቅኔ ሳይቀኝ ይቀራል? ነገ ጠዋት የራስህን ይዘህ ና።»

ከዚያ ወዲያ ኪዳን አድርሰው ሲወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጽዱ ዛፍ ሥር እጠብቃቸው ጀመር። የሽንብራ ቆሎዬን እየቆረጠምኩ አዲስ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እላለሁ፤ በአማርኛ እፈታለሁ። አባቴ ከእንግሊዝኛ አንዲት ፊደል አያውቁም። ሐሳቡ ከቀለለባቸው ግን ሌላ አምጣ ብለው ይመልሱኛል።

አንድ ሐሙስ ሰነፍኩ። የማክሰኞውን ደግሜ አማርኛውን ብቻ ለወጥኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ይኸ የማክሰኞው ነው። ፍቺውን ብቻ ነው የቀየርክብኝ።»

ከዚያ እንግሊዝኛውን ራሱን፣ ድምፁን ሳይስቱ፣ አንድ በአንድ አሉልኝ። ቆሎው በእጄ ቀረ። እስከዚያች ጠዋት ድረስ የአባቴ ትምህርት ጊዜ ያለፈበት ይመስለኝ ነበር። ፈራኋቸው፤ ኮራሁባቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የኔታ እላቸው ጀመር።

በሰኔ አለፍኩ። ዝናብ እየደበደበኝ ሮጬ ነገርኳቸው። ዳዊታቸውን ከግድግዳው አውርደው ከማኅደሩ አወጡና የእኔን መዝገበ ቃላት ገፋ ገፋ አድርገው አስገቡበት። «ቃል ሜዳ ላይ አይጣልም» ብቻ አሉኝ።

ለቀቢው ይህን ሁሉ አልነገርኩትም፤ ከላይ አስቀምጠው አልኩት። ዛሬ እኔም በዕድሜ እሳቸው ላይ ደርሻለሁ፤ ያን የመሰለ ጆሮ ግን ከዚያ ወዲያ አልገጠመኝም። አባቴ እስኪሞቱ ድረስ ዳዊታቸውን የያዙት በጨርቅ ጠቅልለው ነው። ሌላ ማኅደር ላሰፋልዎ ባልኳቸው ቁጥር መልሳቸው አንድ ነበር።

«አለኝ እኮ፤ አንተ ዘንድ ነው።»