አጋዘኑን ማን ገደለው?

እናንተ ያቀዳችሁትን፣ የነዳችሁትን፣ የተኮሳችሁትን ነገር ሌላ ሰው እንደሠራው ሲወራ፣ ያውም በገዛ አባታችሁ ገበታ ላይ፣ ዝም ብላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ባለፈው ፋሲካ ሰምቻለሁ። ይህ ወደዚያ ገበታ ያደረሰን የአደን ጉዞ ማስታወሻ ነው። መምህርት ስለሆንኩ ነገርን ከሥሩ ማስረዳት ይቀናኛል፤ ስለዚህ ከመነሻው ልጀምር።

ለምን አጋዘን?

አባዬ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሜልበርን፣ ዲር ፓርክ በሚባል ሰፈር መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር። ከዚያ በፊት ሱዳን በስደት፣ ከዚያም በፊት ቋራ። ልጅ ሳለ ከአጎቱ ጋር ቆላ ወርዶ አድኗል። ታሪኩን እኔና ታናሽ ወንድሜ ናሆም በቃላችን እናውቀዋለን። እኔ የምወደው መጨረሻውን ነው። ሥጋው ቀርቦ ማንም እጁን ሳይዘረጋ አንድ ሽማግሌ “ገዳዩ ማን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። የገዳዩ ስም ይጠራል፤ ሰው ሁሉ “እሰይ” ይላል፤ መብላት የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የአባዬ ስም በዕድሜው አንድ ጊዜ ተጠርቷል። ዛሬም እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል።

ባለፈው ዓመት የዓይኑ ሕመም ሲጠናበት፣ “ጨርሶ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ የዱር ሥጋ ብቀምስ” አለ። ከልቡ ይሁን ከብሶቱ አላውቅም። እኔ ግን ኮርስ ገባሁ። የመሣሪያ ደኅንነት ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ ታርኔት ያለው ቤቴ ግድግዳ ላይ ቁልፍ ያለው የብረት ሣጥን አስተከልኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ የኢላማ ተኩስ ቦታ እየሄድኩ ተለማመድኩ። ናሆምም አብሮኝ ተመዝግቦ ነበር፤ “ሺፍት አለኝ” እያለ ቀረ።

የራሴንም ምኞት ልንገራችሁ። በፋሲካ ገበታ ላይ አባዬ ስሜን እንዲጠራ ፈለግሁ። ምሕረት እባላለሁ። ጉዞውን ሁሉ ያነሣሣው ይህ ነው።

እቅዱ

የምንኖርበት ግዛት፣ ቪክቶሪያ ውስጥም ዲር አለ። አባዬ “አጋዘን” ይለዋል፤ እውነተኛው አጋዘን ቀንዱ የተጠማዘዘ ሌላ እንስሳ ነው፤ እኔም ለቤት ያህል አጋዘን እለዋለሁ። የኛ ግዛት አጋዘን ግን የሚበዛው ገደላማ ጫካ ውስጥ ነው፤ የአባዬ ጉልበት አይችለውም። የሥራ ባልደረባዬ አጎት ኬቨን፣ ከድንበሩ ማዶ ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ፣ ከቱምባሩምባ ወዲህ የከብት እርሻ አለው። አጋዘኖች ሣሩን እየጨረሱበት ተማሯል። ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ መኪና አጥሩ ድረስ ይገባል።

የአደን መሪ ቀጥሮ የሚሄድ ሰው ብዙ ሺህ ዶላር ይከፍላል። በራሱ የሚሄድ ሰው ደግሞ ብዙ መጨነቅ አለበት። የባለ መሬቱ ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ አለበት። የአንዱ ግዛት ሕግ ከሌላው ስለሚለይ የሁለቱንም ደውሎ ማረጋገጥ ግድ ነው። መሣሪያው ባዶ ሆኖ ተቆልፎ፣ ጥይቱ ለብቻው ተቆልፎ ይጓዛል። ለሥጋው በረዶ የሞሉ ትልልቅ ማቀዝቀዣ ሣጥኖች ያስፈልጋሉ። ይህን ሁሉ አሟላሁ።

የቀረው ጉዳይ በዚህ አገር የአደን መመሪያ ውስጥ የለም። እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ ክርስቲያን የሥላሴን ስም ጠርቶ ካላረደው፣ ለአባዬና ለእድሜ እኩዮቹ በክት ነው። አራጁም ወንድ መሆን አለበት። እናቴ በሕይወት ሳለች አባዬ ሥራ ከሆነ፣ ለዶሮ እንኳ ቢላዋ ይዛ በር ላይ ቆማ የሚያርድላት ወንድ ትጠብቅ ነበር። ስለዚህ ሥራውን አከፋፈልኩት፤ እኔ እተኩሳለሁ፣ ናሆም ሮጦ ያርዳል፣ አባዬ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያያል። ናሆምን ስጠይቀው “ኖ ወሪስ” አለኝ። በዕድሜው ዶሮ እንኳ አርዶ ያውቅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ወንድ ስለሆነ የሚያውቅ መሰለኝ።

ከሜድስቶን እስከ ድንበሩ

የተነሣነው በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ነው። ሜድስቶን አባዬ ቤት ስደርስ ካፖርቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ በር ላይ ቆሟል። ናሆም ከሌሊት ሺፍት መጥቶ ነጭ ስኒከሩን እንዳደረገ ኋላ ወንበር ላይ ተዘረጋ።

“በጾም አደን ነውር አይደለም?” አልኩት አባዬን፣ ልፈትነው ብዬ።

“ጾም የሚገድፈው አፍ ነው። እግር መቼ ጾሞ ያውቃል?”

“አንተ ደግሞ እግርህም ጾሟል” አለ ናሆም ከኋላ።

“ተወው፣ የኔ ጉልበት እንዳንተ ተኝቶ አላረጀም።”

ሂዩም ሰፊ መንገድ ነው፤ ሰፊነቱ ያሰለቻል። ሲሞርን ካለፍን በኋላ ሜዳው ቢጫ ሆኖ ተዘረጋ። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ በጎቹ የአፈሩን ቀለም ይዘዋል። ቤናላ አጠገብ ነዳጅ ስንቀዳ ለጾመኛ የሚሆን ከድንች ጥብስ በቀር አልተገኘም። የናሆምን ያህል ጨው የሚያበዛ ሰው አላየሁም። እኔ ቤት የቋጠርኩትን ሽሮ ፍትፍት አወጣሁ፤ አባዬ ቆሞ፣ የመኪናውን ኮፈን ገበታ አድርጎ በላ።

“ዲር ፓርክ አራት ዓመት ሠርቼ አንድ ዲር አላየሁም” አለ ናሆም። “አሁን ለማየት አምስት ሰዓት ተኩል እንነዳለን።”

“እንነዳለን?” አልኩት። መንጃ ፈቃዱ ኤክስፓየር ካደረገ ሁለት ወር ሆኖታል።

መሪ የሚባለውን የድንበር ወንዝ ስንሻገር አባዬ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። “ይሄ ነው ድንበሩ? ወታደር የለውም?” አለ። የለውም አልኩት። ያለ ፍርሃት የተሻገረው የመጀመሪያው ድንበር መሆኑን ያሰብኩት ዘግይቼ ነው።

የኬቨን እርሻ

ኬቨን ረጅም፣ ቀይ አንገት ያለው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ድሮ የበግ ጠጉር ሸላቾች ያድሩባቸው ከነበሩት ክፍሎች አንዱን ከፈተልን። አልጋዎቹ ይጮኻሉ፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ማሞቂያው ግን ደህና ነው። አጋዘኖቹ ማለዳ ከየት ወጥተው የት እንደሚግጡ በእጁ አሳየኝ። ሲያሳይ ግን ወደ ናሆም እየዞረ ነው። ናሆም ወደኔ ጠቆመው። ኬቨን “ኦ” ብሎ ወደኔ ዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ከእኔ ጋር ብቻ አወራ። ስሕተትን በዚህ ፍጥነት ያረመ ሰው ብዙ አልገጠመኝም።

ማለዳ

ጉም ነበር። አባዬን አጥሩ ሥር፣ ባሕር ዛፍ ተደግፎ የሚታጠፍ ወንበር ላይ አስቀመጥነው። እኔና ናሆም ጥቂት ወደፊት ሄደን በደረታችን ተኛን።

ጉሙ ሲገለጥ መንጋው ሜዳ ላይ ነበር። አንድ ወጣት ወንድ ከሌሎቹ ተለይቶ ጎኑን ሰጠኝ። መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ከኋላው ኮረብታ መኖሩን አየሁ፤ ጥይት የት ሄዶ እንደሚያርፍ ሳያዩ አይተኮስም። ትንፋሼን ለቀቅሁ፣ ተኮስኩ። እንስሳው አንድ ጊዜ ዘሎ ተንበረከከ፣ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። መንጋው ተበተነ። ከኋላዬ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ፤ “መታ! መታ!” ይላል።

ናሆም ቢላዋውን ይዞ ሮጠ። እኔ መሣሪያውን ባዶ አድርጌ፣ ከፍቼ አስቀምጬ ተከተልኩት። ስደርስ ቆሟል።

“ምን ትጠብቃለህ?”

“እያየኝ ነው።”

“ናሆም፣ ነፍሱ ልትወጣ ነው። ስሙን ጥራና እረድ።”

“አይ ካንት” አለ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። “ሶሪ። አይ ካንት።” ቢላዋውን ዘረጋልኝ፤ በስለቱ በኩል።

ዞሬ አየሁ። አባዬ ከዘራውን እየተከለ ይመጣል፤ ግን ገና አጥሩን አላለፈም። የእንስሳው ጎን የሚነሣው እየቆየ ነው። ከተውኩት በክት ነው፤ ይህ ሁሉ መንገድ ለጅብ፣ እዚህ አገር ደግሞ ጅብም የለም። ካረድኩት ሴት ያረደችው ነው። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ ብዬ አረድኩ። ቢላዋው አላስቸገረኝም፤ ማታ ያሳልኩት እኔ ነኝ።

አባዬ ደረሰ። ዓይኑ ቢደክምም ከቅርብ ያያል። እጅጌዬን አየ። የናሆምን ነጭ ጫማ አየ። ሳር እንጂ ደም አልነካውም።

“ናሆም፣ እጅህ ይባረክ” አለ።

ናሆም ጫማውን አቀርቅሮ አየ። እኔ ቢላዋውን በሳሩ ጠረግሁ።

ወዲያው ኬቨን ከነመኪናው መጣ። ቁስሉን ጎንበስ ብሎ አይቶ የተኮሰው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እጄን አወጣሁ። “ንጹሕ ምት ነው” ብሎ ያንኑ በደም የተነከረ እጄን ጨበጠኝ። ስሜን እንደገና ጠይቆኝ “ሜሬት” አለ፤ አበላሽቶም ቢሆን ጠራው። ወደ አባዬ ዞሮ በልጅህ ልትኮራ ይገባል አለው። አባዬ ከሃያ ዓመት በላይ እንግሊዝኛ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። “የስ፣ የስ” አለ፤ “ጉድ ፋሚሊ።”

መልስ

ሥጋውን ኬቨን ጎተራ ውስጥ ሰቅለን ገፈፍን፣ ብልት በብልት ለይተን በረዶ ውስጥ ከተትነው። እዚህ ላይ አባዬ መምህር ሆነ፤ ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ መጋጠሚያውን እየዳሰሰ የት እንደሚቆረጥ አሳየን። በሕይወቴ ከእርሱ ጋር ካሳለፍኳቸው ጥሩ ሰዓታት አንዱ ነበር። ይህንንም መጻፍ አለብኝ።

የድንበሩን ከተማ ወዶንጋን አልፈን ናሆም ሲያንኮራፋ ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

“አባዬ፣ ያረድኩት እኔ ነኝ።”

“ዓይኔ ደከመ እንጂ አልጠፋም።”

“ትበላዋለህ?”

“የሥላሴ ስም ተጠርቶበታል፤ እበላዋለሁ። ለፋሲካ የሚመጣው መኮንን ግን ሴት ያረደችውን አይበላም። ሥጋው ይጣል?”

“አይጣል።”

“እንግዲያስ ያራጁን ነገር ተይው።”

ጥቂት ነዳሁ። “ጥይቱስ?”

“ጥይቱ ያንቺ ነው። ማን ይወስድብሻል?”

ይህን ሲለኝ ደስ አለኝ። ቢላዋውን ለናሆም በልቤ ሰጠሁት። ለሰው ጾም መፍቻ ሲባል እንዲህ ያለ ነገር ይደረጋል አልኩ። እስከ ሜልበርን ድረስ ሙዚቃ ከፍቼ ነዳሁ።

ፋሲካ፣ ሜድስቶን

የፋሲካ ዕለት ምሳውን የሠራሁት እኔ ነኝ። የዱር ሥጋ ስብ ስለሌለው ቶሎ ይደርቃል፤ ቅቤና ሮዝመሪ አብዝቼ በትልቅ ድስት ጠበስኩት። እንግዶቹ የአባዬ የስደት ጓደኛ ጋሼ መኮንንና ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ናቸው። ጋሼ መኮንንም የዚያው የቆላው አገር ሰው ናቸው። ገበታው ሲቀርብ ወጉ ትዝ አላቸው። እጃቸውን ታጥበው፣ ሳይዘረጉ፣ በፈገግታ አባዬን አዩት።

“ገዳዩ ማን ነው?”

እኔ ድስቱን እንደያዝኩ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሜያለሁ። አባዬ ወደኔ አላየም።

“ናሆም ነው” አለ። “በአንድ ጥይት። ሮጦም ያረደው እሱ ነው።”

“እሰይ!” አሉ ጋሼ መኮንን። “እሰይ የኔ አንበሳ። እኔ እኮ ይህ ልጅ ቴሌፎን ከመነካካት ሌላ ሥራ የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።”

“አክቹዋሊ፣ እኔ …” አለ ናሆም።

“ብላ” አለ አባዬ፤ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ አፉ ውስጥ ከተተበት። የናሆም ንግግር እዚያው ቀረ።

እትዬ ዘነበች ወደኔ ዞሩ። “አንቺስ የኔ ልጅ፣ አብረሽ ሄድሽ? አልፈራሽም?”

“ነዳሁ” አልኩ።

“ጎበዝ። መንዳትም እኮ ሥራ ነው።”

አባዬ ቀጥሎ ለእኔ ጠቀለለ። ጎረስኩ። ሥጋው አልደረቀም፤ ጣፋጭ ነበር።

እንግዶቹ ሲሄዱ ዕቃ እያጠብኩ፣ “ጥይቱ ያንቺ ነው ብለኸኝ ነበር” አልኩት።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። “ተኳሿ እሷ ናት ካልኩ፣ መኮንን ‘ታዲያ ናሆም ምን ሠራ?’ ይላል። ነገሩ ሲፈተሽ ቢላዋ ይዞ የቆመ ወንድ ይወጣል። በሰርጉም በለቅሶውም ይሥቁበታል። እሱ አይችለውም። አንቺ ትችይዋለሽ።”

ይህ ለአባዬ ምስጋና ነው። እኔም ምስጋና መሆኑ ገብቶኛል፤ የመረረኝም ስለገባኝ ነው። ቋራ ላይ የተጠራው ስሙ ዕድሜ ልክ የቀለበው ሰው፣ የእኔን ስም ለሌላ ሰው ስንቅ አደረገው።

ታርኔት ስመለስ መሣሪያውን ወልውዬ ሣጥኑ ውስጥ ቆለፍኩት። ፈቃዱ፣ ድንበሩ፣ በረዶው፣ ከቢላዋው በቀር ሁሉም ባቀድኩት መሠረት ሄዷል። ያላቀድኩት ጥያቄው ሲጠየቅ አባዬ የሚመልሰውን ነው። ያንን ከመነሣታችን በፊት፣ ሜድስቶን በር ላይ ካፖርቱን ለብሶ ቆሞ ሳለ፣ መጠየቅ ነበረብኝ። ያኔም ቢሆን እነዳ ነበር፤ ግን አውቄ እነዳ ነበር።

እናንተም ሞክሩት። ለዚህ አጋዘን ማደን አያስፈልግም። በሚቀጥለው ግብዣ ገበታው ሲቀርብ፣ ማንም እጁን ሳይዘረጋ፣ “ይህን ያመጣው ማን ነው?” ብላችሁ ጠይቁ። የማን ስም እንደሚጠራ አድምጡ። ከዚያ ዞር በሉና ድስት ይዞ የወጥ ቤቱ በር ላይ የቆመውን ሰው ፊት እዩ።