በቴክስት የደረሰ መርዶ

ዛሬ ንጋት ላይ ላፕቶፔን ስከፍት ያ ቀይ ቁጥር እንደ ድሮው ጠበቀኝ፤ የእድራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም ዘጠኝ ፓኬጆች አፕዴት ይፈልጋሉ ይላል። የከፈትኩት የጋሽ አሰፋን ስም ላስገባ ነበር። ለጥየቃ ደብረ ብርሃን እንደሄዱ ትናንት እዚያው አረፉ።

ፕሮግራሙን ስጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነው፤ በሰው አገር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ ነበር የምኖረው። ኮድ መጻፍ በጀመርኩ ሰሞን የእድራችንን ፕሮግራም እኔ ካልሠራሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። የምጽፈው ኢንተርኔት ላይ በሚከፈት ገጽ ነው፤ ከባድ ከባዱን ሌሎች ሰዎች ሠርተው ያስቀመጧቸው ፓኬጆች ይሸፍኑልኛል። ከነሱ አንዱ ሥራው መልእክት ማቆየት ነበር። ጸሐፊያችን እትዬ ዘውዴ የሟች ስም ሲያስገቡ፣ ሽማግሌዎቹ ቤተሰቡ ቤት ሄደው "አርድተናል" እስኪሉ ድረስ ለአባላቱ ቴክስት አይሄድም። እትዬ ዘውዴ አጥብቀው የለመኑኝም ይህንኑ ነው።

"ልጄ፣ ሌላው ቢበላሽ ግድ የለም። መርዶ ብቻ ቀድሞ እንዳይወጣ።"

አንድ ቅዳሜ፣ ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን በሚያራግፍበት ወቅት፣ በአንድ እጄ የምስር ሳምቡሳ ይዤ ፓኬጆቹን በሙሉ ባንዴ አፕዴት አደረግኩ። ከአፕዴቱ ጋር የሚመጣውን ማስታወሻ ማን ያነባል! አይ ልጅነት። በአዲሱ አሠራር የማቆያው ትእዛዝ እንደገና ካልተጻፈ መልእክቱ ወዲያው ይሄዳል፤ ማስታወሻው ገና ከመጀመሪያው መስመር ይናገራል። ያነበብኩት ከረፈደ በኋላ ነው።

ሰኞ ቀትር ላይ እትዬ ዘውዴ እያለቀሱ ደወሉልኝ። "ምን አደረግኸን? የአሰፋ እናት ማረፋቸውን አሁን ባስገባው ለሁሉም ሄደ። ለራሱም!"

ጋሽ አሰፋ ታክሲ ነጂ ነበሩ። ኤርፖርት ሰው አድርሰው ሲመለሱ ሄርንደን ከተማ ነዳጅ ማደያ ላይ ነው ያነበቡት። ያሉበትን በስልክ ጠይቀን እትዬ ዘውዴን ይዤ በረርኩ፤ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ከመኪናቸው አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው፤ በዚያ ብርድ ጃኬታቸውን አውልቀዋል። ሰዉ ነዳጁን ቀድቶ በአጠገባቸው ያልፋል።

"ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "እናቴን በስልክ? የሚይዘኝ አንድ ሰው እንኳ አጣችሁ?"

ስልካቸውን ወደ እኔ ዘርግተው፣ "ቁጥሬን ከዝርዝሩ አውጣ። ከእንግዲህ ለእኔ የሚነገር ካለ ሰው ይምጣ" አሉኝ።

አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር አሌክሳንድሪያ፣ ቤታቸው ድረስ ነድቼ ራሴ እነግራቸው ነበር። በር ከፍተው ያስገቡኛል፣ ሻይ ያፈሉልኛል፤ ያን ነገር ግን አንድም ቀን አላነሡብኝም። ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ! ለዓመታት ጥፋቱን በፓኬጁ ላላክክ ሞክሬያለሁ፤ አንድ መስመር ማንበብ ያቃተኝ ግን እኔው ነኝ።

አሁን ሽማግሌዎቹ ታች መኪና ውስጥ እየጠበቁኝ ነው። የጋሽ አሰፋ አንዲት ልጅ ሜሮን ሄርንደን ትኖራለች፤ ገና አልሰማችም። ቀዩን ቁጥር አልነካሁትም። ማቆያው እንደሚሠራ ትናንት ሦስቴ ፈትሻለሁ፤ ሆኖም ስማቸውን ለማስገባት አላመንኩትም። ላፕቶፑን ዘግቼ ጋቢዬን ደረብኩ። ሜሮን ስትሰማ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋታል።