በከለር ዴይ ማንም ያልነካት ልጅ

ጓደኛዬ እናቷን ቀብራ ገና ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ደወለችልኝና፣ «ቲሸርቴን ወስደሽልኛል?» አለችኝ።

ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በሚሄድ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም። «የምን ቲሸርት?»

«የከለር ዴይ ነዋ! ነገ አይደል እንዴ?»

ኮሌጃችን ትንሽ ነው፤ አንድ ሕንፃና አንድ ግቢ። ሁላችንም ስለምንተዋወቅ ወጋችን ብዙ ነበር። አዲስ ገቢዎች ተመራቂዎች ፊት ቆመው ይዘፍናሉ፤ ዘፈን የማይችል ይጨፍራል፤ ጭፈራም የማይችል እስኪስቁለት ድረስ ቆሞ ይቀራል። ትልቁ ግን ከለር ዴይ ነው። ተመራቂዎች ነጭ ቲሸርት ለብሰው ይወጡና በውሃ የተበጠበጠ ቀለም ይረጫጫሉ። በኛ ግቢ አንድ ሕግ ነበረው፦ የመጀመሪያውን ቀለም የሚቀባሽ አንቺ የመረጥሽው ሰው ነው፤ እሱ ሳይነካሽ ሌላው አይነካሽም። እኔና እሷ የተመራረጥነው አንደኛ ዓመት ሳለን፣ ተመራቂዎቹን በመስኮት እያየን ነው።

ያን ቀን ቤት ገብቼ መቀመጥ አቃተኝ። ያጠፍኩትን ልብስ መልሼ አጠፍኩት። በረንዳ ወጣሁ፣ ገባሁ።

«ምን ሆነሽ ነው የምትቁነጠነጪው?» አለች እናቴ።

ነገርኳት።

«አርባዋ ሳይወጣ?» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እኛ ኦርቶዶክስ ነን፤ አባቴ ሐዋሳ የመጣው ለመምህርነት ተመድቦ ነው። ጓደኛዬ እዚሁ ሐዋሳ ዳር ያለችው የቡሹሎ ልጅ፣ ፕሮቴስታንት ናት። እነሱ ቤት አርባ እንደማይቆጠር ለእናቴ ነገርኳት።

«ሐዘን ሐዘን ነው። ደሞ አንቺ ነሽ ቀለም የምትረጪባት? ሰው ምን ይላል?»

እኔንም እረፍት የነሳኝ እሱ ነበር።

በማግስቱ መጣች። ዓይኗ አባብጧል። ጥቁር ሻሿን ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቲሸርቱን በቀሚሷ ላይ ደርባ ለበሰች። የክፍላችን ልጆች አንድ በአንድ እየመጡ አቀፏት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሏትና ፈጠን ብለው ወደ ቀለሙ ይመለሳሉ።

እሷ ጣቷን ቀይ ውስጥ ነክራ ግንባሬን ቀባችኝ። «በይ አሁን የኔን።»

በእጄ ሰማያዊ ቀለም የሞላ ጆግ ይዣለሁ። «ቆይ፣ ትንሽ ይሙቅ» አልኳት። ምኑ እንደሚሞቅ እኔም አላውቅም።

እኔ ስለተቀባሁ ሁሉም ተረባረበብኝ፤ ወዲያው ጆሮዬ ድረስ ቢጫና አረንጓዴ ሆንኩ። እሷን ግን ማንም አልነካት። እኔ ሳልቀባት መንካት ክልክል ነውና ሕጉ ለሁሉም ጥሩ ማምለጫ ሆነላቸው። አንዱ ስልኩን እንድትይዝለት ሰጣት። ሌላዋ ቦርሳዋን። ቆየት ብዬ ሳያት ክንዷ ሙሉ የሰው ዕቃ ታቅፋ፣ ከዚያ ሁሉ ቀለም መሃል ነጭ እንደሆነች ቆማለች። እኔ አንድ ቦታ መቆም አልቻልኩም። ወደ ቧንቧው ሄድኩ፤ ወደ በሩ ሄድኩ፤ ከየትም ሆኜ ባይ ትታየኛለች።

በዚህ መሃል አንድ መምህራችን ወንበር ይዘው መጡና ጥላ ስር አደረጉላት። «ነይ እዚህ አረፍ በይ ልጄ፣ አትድከሚ።»

ዕቃውን በሙሉ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ቀጥ ብላ ወደኔ መጣች።

«እኔ ነኝ እንዴ የሞትኩት?»

በአካባቢያችን የነበሩት ሁሉ ቀለማቸውን እንደያዙ ወደኛ ዞሩ።

«ቤት ተቀመጪ፣ እዚህ ተቀመጪ። አክስቴ ውሃ እንኳ አታስቀዳኝም። ለምን የመጣሁ መሰለሽ? እዚያ ቁጭ ብዬ ላብድ ነው!»

በጣቴ መቀባት ይበቃ ነበር። እኔ ግን ጆጉን እንዳለ አናቷ ላይ ደፋሁት። ትንፋሿ ቁርጥ አለ። «ውይ፣ ሲቀዘቅዝ!» ብላ ጮኸች። ከኋላ አንዱ ቢጫ ይዞ ሮጠ፤ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም። ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ልጆቹ ደንግጠው እጃቸውን ሲሰበስቡ፣ «አትተዉ፣ አትተዉ» አለች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና። አልተውናትም።

ብቻዋን ልሰዳት አልሆነልኝም፤ በባጃጅ ቡሹሎ ድረስ ሸኘኋት። አክስቷ በር ላይ ነበሩ። እንዲህ ሆና ሲያዩዋት በሲዳምኛ የተናገሯትን ሁሉንም አልተረዳሁም፤ ቁጣውን ግን ተረድቼዋለሁ። አባቷ ጩኸቱን ሰምተው ወጡ።

«እኔ ነኝ ያፈሰስኩባት አባባ» አልኳቸው። «እሷን አይቆጧት፤ የተማሪ ወግ ነው።»

ልጃቸውን ከራስ ጸጉሯ እስከ ጫማዋ አዩዋት። ጸጉሯ ላይ የቀረውን ቀለም በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን ተመለከቱ።

«ምግብ በልታለች?» አሉኝ።

«አልበላችም።»

«እንግዲያው ግቡ፤ ሁለታችሁም ብሉ።»

አክስትየዋ ገበታው ላይ አልቀረቡም። እኛ ግን በላን፤ እሷም ካሰብኩት በላይ በላች።

ፈተናዋን ተፈትና ከኛ ጋር ተመረቀች። አሁን ወንዶ ገነት ታስተምራለች፤ ሐዋሳ ስትመጣ እንገናኛለን። አክስቷ ግን ለምረቃዋም አልመጡም። መንገድ ላይ ሳገኛቸው ቆሜ፣ «እንደምን ዋሉ?» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው በራሳቸው ነቅነቅ ያደርጉና ያልፋሉ።